የሐሙስ ጎብኚዎች

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ያለ ነገር ከሮም ተነሥተው ኦስቲያ ድረስ እንደማይመጡ ሶሊ ታውቃለች። ስለዚህ ሽማግሌው በቢሮዋ በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ባየች ጊዜ፣ በስልክ የምታነጋግረውን ሰው በጣልያንኛ ይቅርታ ጠይቃ ዘጋችና ወንበር ሳበችላቸው።

ቢሮው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለ፣ ድሮ ጋዜጣ ይሸጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ሶሊ የባሕር ዳርቻው የጎብኚዎች አገልግሎት አስተባባሪ ናት። መጠሪያው ይክበድ እንጂ ሥራው ያገኙትን መሥራት ነው። በራሪ ወረቀት ታሳትማለች፣ ከየሰበካው የሚመጡትን ቡድኖች ትቀበላለች፣ ባቡሩ ሲቋረጥ አውቶቡስ ትለምናለች፣ በአሸዋው ላይ ጥላና አልጋ የሚያከራዩት የስታቢሊሜንቶ ባለቤቶች በድንበር ሲጣሉ መሐል ትገባለች። በዚያ ዓመት ግን የራሷን አንድ ሐሳብ አቅርባ ነበር። ኦስቲያ ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር ጭር ትላለች። በሮም በየሰው ቤት አዛውንት ሲያነሡና ሲያስተኙ የሚከርሙት የውጭ አገር ሴቶች ደግሞ የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐሙስን ለእነሱ እንስጥ፣ እዚህ እየኖሩ ባሕሩን ያላዩ ብዙ ናቸው አለች። አለቃዋ ሲኞራ ካርላ እስቲ ይሞከር፣ ውጤቱን አይተን ስለ ኮንትራቶሽ እንነጋገራለን አለቻት።

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ውሃ ጠጡ፤ ስለ እናቷ ጤና ጠየቁ። ከዚያ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አበበች ልጇን አጥታለች፣ ኪሩቤልን፣ አሏት።

ሶሊ ኪሩቤልን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አታውቀውም። እትዬ አበበች ጡት አስጥለው ለእህታቸው ሰጥተውት የመጡት ልጅ ነው። ሶሊ ልጅ ሆና እናቷ ሥራ ስትውል ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሯን የሚሠሩላት እትዬ አበበች ነበሩ፤ ማበጠሪያውን በጥርሳቸው ይዘው የልጁን ፎቶ በየጊዜው ያሳዩአት ነበር። ጥርስ ያወጣበትን፣ ዩኒፎርም የለበሰበትን፣ በኋላም ቁመቱ ከአክስቱ የበለጠበትን።

እናትየው ገና አልሰሙም። ወሬው ሮም ከደረሰ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ላሉት እህታቸውም ዝም እንዲሉ ተነግሯቸዋል። የቸገረው መርዶው የሚነገርበት ቦታ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻም አይነገርም። ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ሐዘንተኛዋን መሐል አስቀምጦ፣ የጮኸችውን ያህል ጮኻ የምትወድቅበት ቤት ያስፈልጋል። የእትዬ አበበች ቤት ግን በሚያስታምሟት አሮጊት ሲኞራ አልጋ ጎን ያለ አንድ አልጋ ነው፤ ሲኞራዋ የልብ ሕመምተኛ ናት። ወዳጃቸው ፀጋ የምትኖረው ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ነው። ዕድሩ የሚሰበሰብበትን አዳራሽ ያዋሱት ሰዎች ደግሞ ባለፈው ክረምት በተለቀሰው ልቅሶ ጎረቤት ካራቢኒዬሪ፣ ፖሊሶቹን፣ ስለጠራ፣ ሁለተኛ እንዳይለምዳችሁ ብለዋል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ ሶሊን ቀና ብለው አዩአት። ሮም ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምትታወቀው «አማርኛዋ የሚያስቅ» ተብላ ነው። ለቁም ነገር የፈለጋት ትልቅ ሰው አልነበረም። ጉንጯ ጋለ። ልጁ ምን ሆኖ እንደሞተ ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ ነገር ግን የሞተን ልጅ ምን ነካው ብሎ ሽማግሌ መመርመር ነውር መስሎ ታያት። የታመመ መስሏታል። ሰው በአገሩ ታሞ ይሞታል።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ ጋሼ፣ ለኔ ይተዉት» አለች። «እዚህ ኦስቲያ ኩሽና ያለው አዳራሽ አገኛለሁ። ሰው የሚረብሽም የለም።»

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስም አዳራሹ የት ነው ብለው አልጠየቁም። አስተባባሪ ናት፣ ታውቃለች ብለው ነው። ግንባሯን ስመው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ።

ሶሊ ያገኘችው ከባሕር ዳርቻው መጨረሻ አካባቢ ያለውን የሬናቶን ስታቢሊሜንቶ ነው። ሰፊ የጣውላ ሰገነት አለው፣ ከኋላው ኩሽና፤ ከሰገነቱ በታች ጥላዎቹ በመስመር ተተክለዋል፣ ከጥላዎቹ በታች ውሃው ነው። ሐሙስ ቀን ግማሹም አይሞላም። ለሬናቶ የሰበካ ሽርሽር ነው አለችው። ለእትዬ አበበች ደግሞ ደውላ አዲሱን የሐሙስ ፕሮግራሜን መጥተው ይመርቁልኝ አለቻቸው። ነገሩን ይህን ያህል አሳምራ በማዘጋጀቷ፣ በዚያ ሳምንት አንዳንዴ ለምን እንደምታዘጋጀው እየረሳች ደስ ይላት ነበር።

እትዬ አበበች ከተቀጠረው ባቡር ቀድመው መጡ። የሲኞራዋ ልጅ ለተራዋ ማልዳ ስለደረሰች ለቀቀቻቸው። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰዋል፤ የሲኞራዋን ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ሶሊን አቅፈው ግራና ቀኝ ከሳሟት በኋላ የደረቷን መታወቂያ በጣታቸው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እና ሥራሽ ይሄ ነው? ሰው ባሕር ዳር እያስቀመጥሽ ደሞዝ ይከፍሉሻል?»

«አስቸጋሪ ሰው ስላለ ነው እትዬ።»

«እኔማ አላስቸግርም። አስቀምጠሽኝ ሂጂ።»

እስከ ሬናቶ ድረስ በእግር ሄዱ። እሳቸው የሰኔ ጾም ነው ብለው ምስር በሳህን ቋጥረው ይዘዋል፤ የዚህን አገር የተጠበሰ ዓሣ አላምነውም አሏት። ሶሊ እንደማንኛውም ጎብኚ አስጎበኘቻቸው። የጥዱን ደን አሳየቻቸው፣ ከፊውሚቺኖ የሚነሡት አውሮፕላኖች ለምን ዝቅ ብለው እንደሚያልፉ ነገረቻቸው፣ አሸዋው ለምን ጠቆር እንዳለ አስረዳች። አሸዋው ላይ ሲደርሱ እትዬ አበበች ጫማቸውን አወለቁ። በዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ሲኖሩ ውሃውን ከባቡር መስኮት እንኳ አይተውት አያውቁም ነበር። ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚት ገቡ፣ ማዕበሉ ሲመጣ ሸሹ፣ ሲመለስ ተከተሉት። ሶሊ በስልኳ ፎቶ አነሣቻቸው። ፎቶው ለበራሪ ወረቀቱ ይሆናል ብላም አሰበች።

ሌሎቹ በሚቀጥለው ባቡር ደረሱ። ሴቶቹ ጥቁር ልብሳቸውን በፌስታል ይዘዋል። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አብረዋቸው አባ ፍቅረ ማርያም አሉ፤ በሮም የሚማሩ ካቶሊክ መነኩሴ ናቸው፣ ግን መርዶ ሲሆን ኦርቶዶክሱም ይጠራቸዋል። ፊት ፊት የምትሄደው ፀጋ ነበረች። ሰገነቱ ላይ ወጥታ ወደ ውሃው ስትመለከት ቆመች። የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወደቀ።

ሶሊ ወደ ኩሽናው መተላለፊያ ወሰደቻት። ፀጋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ማን ነው እዚህ ያመጣት፣ ማን ነው ውሃ ውስጥ ያስገባት እያለች በሹክሹክታ ትጠይቅ ነበር።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ባሕር ነው እኮ የበላው። አልነገሩሽም?»

ከዚያ ፀጋ ሁሉንም ነገረቻት። ልጁ ከአገር ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ ከፀጋ በቀር ለማንም አልተናገሩም፤ መንገድ ላይ ያለ ልጅ አይወራም ብለው። ከሊቢያ በተነሣ ጀልባ ላይ ነበር። ጀልባው ሲገለበጥ አብሮት የነበረ ረዳ የሚባል ልጅ ተርፎ አሁን ሰላም ፓላስ በሚባለው የሮም ሕንፃ ውስጥ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ይኖራል፤ ወሬውን ያመጣው እሱ ነው። ሲሰምጥ በዓይኑ አይቶታል። ሬሳው አልተገኘም። እናትየው ሲጠይቁ፣ ደላሎቹ ስልኩን ወስደውበት ነው እየተባሉ ቆይተዋል።

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ መተላለፊያው ውስጥ ገብተው የመጨረሻውን ሰምተዋል። አልተቆጡም። መቆጣት ይሻል ነበር።

«አዳራሽ ነው ያልሽኝ» አሉ።

«አዳራሽ አለው ጋሼ።» ይህን ብላ አፈረች።

ባሕሩ ወደማይታይበት ወደ ጥዱ ደን ሊወስዳቸው ለሚችል ሚኒባስ ሾፌር ደወለች። ማታ ካልሆነ አይመቸኝም አለ። አባ ፍቅረ ማርያም ለማታው ጸሎት መመለስ አለባቸው፤ እትዬ አበበችም ለሲኞራዋ እራት። ሌላ ሐሙስ እንዳይባል፣ ሰው በዝቶ ስለሚያውቀው ከአንዱ አፍ ሊያመልጥ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌው ወሰኑ። ሰገነቱ ላይ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ፣ ባዶ ሆድ መርዶ አይቻልም፤ ከዚያ እሳቸውና አባ ይናገራሉ። ሶሊን፣ ሂጂና ምሳ ደርሷል ብለሽ አምጫት፣ ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ አሏት።

ሶሊ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። እትዬ አበበች አሁን እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል። የቀሚሳቸው ጫፍ ረጥቦ እግራቸው ላይ ተጣብቋል፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊት ለፊት ያዩ ነበር።

«እትዬ፣ ምሳ ደርሷል። ይውጡ።»

«ቆይ እስቲ። ሁልጊዜ እንዲህ ቀዝቃዛ ነው?»

ወሩ ገና ስለሆነ ነው፣ እየቆየ ይሞቃል አለቻቸው።

«ማታስ?»

«ማታ ይበርዳል።»

እትዬ አበበች ጎንበስ ብለው ውሃውን በእጃቸው ነኩት። ከዚያ፣ አንቺ የምታውቂው አገር ነው፣ ሊቢያ በየት በኩል ነው ብለው ጠየቋት። ፊት ለፊት እያዩ ነው የጠየቁት። ፊት ለፊት ያለው ሳርዲኒያ ነው፤ ሊቢያ በግራ፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ። ይህን በየቀኑ በካርታ ላይ ለሰው የምታሳይ ልጅ ሳታስበው እጇን ዘረጋች። እትዬ አበበች መላ ሰውነታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ይህን ያህል ጊዜ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሲያዩ ስለቆዩ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

«ኪሩቤል እዚያ ነው» አሉ። «ለሰው አልተናገርኩም። በመጨረሻ ሲደውል፣ እማዬ እስቲ ሄደሽ ባሕሩን እዪልኝ፣ ያስፈራል ወይ አለኝ። ጊዜ የለኝም አልኩት። ሲኞራዋን ማን ያነሣል? ዛሬ አንቺ ስትጠሪኝ እሰይ አልኩ። ሲደውል አየሁት እለዋለሁ።»

ሶሊ ምሳው ይቀዘቅዛል አለች።

እትዬ አበበች እጇን ይዘው ለመውጣት ዞሩ። ያኔ ሰገነቱን አዩ። ሁሉም ቁጭ ብሏል። ምግቡ ቀርቧል፤ የሚበላ የለም። ሁሉም ወደ እሳቸው ያያል፤ ሲታዩ ደግሞ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ነው እንዴ የመጣው?» አሉ። «አባ ፍቅረ ማርያምም ዋና ጀመሩ?»

ሶሊ ልትስቅ ሞከረች። እትዬ አበበች ሳቋን አዩት። እጇን ለቀቁት።

«ሶሊ።»

«አቤት እትዬ።»

«ፀጋ ዓይኔን ሸሸች። አንቺ እዪኝ።»

አየቻቸው። ከዚያ እስከ ሰገነቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። አንድ ውሸት ይበቃው ነበር፤ ለዚያ ነው የተላከችው። ግን ሴትዮዋ በገዛ እግራቸው ወጥተው፣ ጀርባቸውን አዙረው ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ አፋቸውን እያየ ምስር ሲጎርሱ ታያት። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ መሆን እንዳለበት ታውቃለች። ለብቻ እንደማይነገር፣ በቁም እንደማይነገርም ታውቃለች።

«ኪሩቤል አርፏል እትዬ» አለች።

«የት?»

የሶሊ ዓይን ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ቆሙበት ውሃ ሄደ።

እትዬ አበበች ዓይኗን ተከትለው ወደ ታች አዩ። ማዕበል መጥቶ ጭናቸውን መታቸው፤ አልሸሹም።

«ማን አየ?»

«አብሮት የነበረ ልጅ። ረዳ ይባላል። እዚህ ሮም ነው ያለው።»

«ሬሳው?»

«አልተገኘም።»

አልጮኹም። ወገባቸው የተቆረጠ ይመስል ባሉበት ቁጭ አሉ፤ ውሃው እስከ ደረታቸው ሆነ። ሶሊ ብብታቸውን ይዛ ልታነሣቸው ስትታገል፣ በሁለት መዳፋቸው ውሃውን እየዘገኑ ወደ ደረታቸው ይሰበስቡት ነበር፤ ይፈሳል፣ እንደገና ይዘግናሉ። የጮኸችው ፀጋ ናት፣ ከሰገነቱ ላይ። ከዚያ ሁሉም ጮኸ። ሴቶቹ ጥቁሩን በአበባው ላይ እየደረቡ፣ ነጠላቸውን እያደገደጉ፣ በጥላዎቹ መሐል እየሮጡ ወረዱ፤ ከነጫማቸው ውሃው ውስጥ ገብተው በዙሪያቸው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። የዋናተኞች ጠባቂው ሰው የሰጠመ መስሎት ፊሽካውን እየነፋ መጣ። በጀርባዋ ተኝታ የነበረች ሴት ልጆቿን ሰብስባ ወደ ሰገነቱ ሸሸች። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ያዘጋጁት ቃል ሳይነገር አፋቸው ውስጥ ቀረ።

እትዬ አበበችን ማውጣት አልተቻለም። ልጄ እዚህ ነው ያለው፣ ወዴት ልውጣ ይላሉ፤ በዝግታ፣ የሚያስረዱ ያህል። ጥላዎቹ ሲታጠፉ ነው ሴቶቹ ተሸክመው ያወጧቸው። ወደ ሲኞራዋ ቤት የደወለችው ሶሊ ናት። የሲኞራዋ ልጅ አዘነች፣ በጣም አዘነች፤ ከዚያ ታዲያ ዛሬ ማታ እናቴን ማን ያነሣታል አለች።

የፀጋን ጠባብ ክፍል ልቅሶ ቤት አድርገውት ነበር፤ እዚያ ሶሊን ማንም ክፉ አልተናገራትም። ቁጭ በይ አሏት፣ ቁጭ አለች። አጠገቧ ያሉት ግን ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ መርዶ በልጅ አይነገርም፣ ፈረንጅ ያሳደገው እንዲህ ነው ይባባሉ ነበር። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰላምታዋን በአንገታቸው መለሱ። ሬናቶ ደግሞ ለሲኞራ ካርላ አቤት ብሏል። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ሽርሽር ነው ብላ አታላኛለች፣ እውነቱን ብትነግረኝ ከኋላ በኩል አንድ ክፍል እከፍት ነበር አለ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ አለች ሲኞራ ካርላ፣ የሐሙሱ ነገር ይቅር፤ ኮንትራቶሽም በመስከረም እንዳለ ያልቃል።

የሐሙሱ ነገር ግን አልቀረም። እትዬ አበበች በሚቀጥለው ሐሙስ በባቡር ብቻቸውን መጡ። በዚያኛውም። ጥቁር ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው፣ የሬናቶን ጥላዎች አልፈው ውሃው አሸዋውን በሚያረጥብበት ዳር ይቀመጣሉ። ያ ቦታ የማንም ስላልሆነ ሊያስነሣቸው የሚችል ሕግ የለም። አንዳንዴ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሙን እየጠሩ ያንጎራጉራሉ። ሐምሌ ሲጋመስ ሐሙስም ይሞላ ጀመር፤ ሰዎች ወደ ሶሊ ቢሮ እየመጡ ያቺ ሴት ምን ሆና ነው፣ ልጆቻችን እየፈሩ ነው ይሉ ነበር። ሲኞራ ካርላ ደወለች። ቋንቋቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሂጂና በደግ ቃል ኪራይ ወደሌለበት ቦታ ውሰጃቸው አለቻት። ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው የማይቀመጥበት ጭንጫ አለ።

ሶሊ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወረደች። እትዬ አበበች ጥላዋን አይተው ቀና ሳይሉ አወቋት።

«ላኩሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«ምን በያት አሉሽ?»

ሶሊ እንዳለ ነገረቻቸው። ጎብኚዎቹ ቅር ብሏቸዋል፣ ከወዲያ ማዶ ሌላ ቦታ አለ ብለዋል። ቦታው ምን እንደሚመስልም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ከዚያ ውሃው ይታያል?»

«አይታይም።»

እትዬ አበበች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶሊ ቆማ ጠበቀች፤ ከኋላዋ ሬናቶ ሰገነቱን ተደግፎ እንደሚያይ ታውቃለች፤ ስልኳም ኪሷ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ቁጭ በይ» አሏት በመጨረሻ። «ቆመሽ ትጋርጅብኛለሽ።»

ሶሊ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ብዙ ጠራ።